ለኪኒኑ የሚከፍል፣ ለሰው የማይከፍል መድን

ከአእምሮ ሕመም ወይም ከመጠጥ ራሱ ያገገመ ሰው ሌላውን ታማሚ ቤቱ ድረስ እየሄደ ሲደግፍ፣ ለዚህ ሥራው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይክፈለው ቢባል የሚሰጠው መልስ ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ሆቴል አዳራሽ ዐውደ ጥናት አንድ ነው። የመድን ገንዘብ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለአልጋ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማውራት ሕክምና አይደለም ይባላል። እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክርክራቸውም የዋዛ አይደለም። ገበሬው ሰብሉን ከሰበሰበ በኋላ የሚያዋጣው መዋጮ አደራ ነው። አባሉ «መድኃኒቱ የለም፣ ከግል ፋርማሲ ግዛ» እየተባለ በሚመለስበት ጊዜ አዲስ ተከፋይ መጨመር ድፍረት ይመስላል። የአእምሮ ሕመም ከባድ ነገር ስለሆነ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው ይላሉ። መደጋገፉማ በቅሬውም (በዕድሩም)፣ በማኅበሩም፣ በጸበሉም በነጻ አለ፤ ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል ይላሉ። ሱሰኛው ደግሞ በገዛ እጁ ለገባበት ነገር ሌላው ለምን ይክፈልለት? ክርክሩ ይኸው ነው፤ ያስቀረሁት የለም። እኔ ግን አንዱም ቢፈተሽ አይቆምም ባይ ነኝ፤ በላሊበላና በላስታ ደጋ ደግሞ ከሌላውም ቦታ ይልቅ አይቆምም።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ በአደባባይ እምብዛም ባይነገርም ብዙ ሰው ከልቡ የሚያምነው እሱን ነውና። «በገዛ እጁ» የሚለው ፍርድ የጎረቤት ሐሜት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ሆኗል። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ፣ ቁጥር 271/2005፣ መድኑ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር የሱስን ሕክምና ከመነጽር፣ ከሰው ሠራሽ ጥርስና ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር አሰልፎታል። ደንቡ ራሱ ሥራ ላይ ሳይውል ለዓመታት ቢዘገይም አስተሳሰቡ ግን አልዘገየም፤ ከተጻፈ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አሁን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመን እንመልከት። አረቄ ጨጓራውን የላጠው ሰው፣ ጉበቱ ተጎድቶ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው፣ ሰክሮ ሲሄድ ገደል ገብቶ እግሩ የተሰበረ ሰው የመድን መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ካርድ ይወጣለታል፣ ይመረመራል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ መድኑም ሒሳቡን ይከፍላል። ስንት መለኪያ ጠጣህ ብሎ መታወቂያውን የሚነጥቀው የለም፤ መንጠቅም የለበትም። እንግዲህ መድኑ ለመጠጥ አልከፍልም እያለ አይደለም። ይከፍላል፤ ነገር ግን የሚከፍለው ዘግይቶ፣ ብዙ አድርጎ፣ ማትረፍ በማይቻልበት ሰዓት ነው። ጉበቱ ሳይበላሽ በፊት ከሰውየው ጎን የሚቆም ሰው ሲጠየቅ ብቻ ነው «በገዛ እጁ» የሚለው ሥነ ምግባር ትዝ የሚለን።

ደግሞስ መጠጥ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያገደው ለምንድን ነው? በኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ከቢራው ላይ ግብር የሚሰበስበውስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ጥናት ከዐሥር አዋቂ ወደ አራት የሚጠጉት ጠጪዎች ነበሩ። በላስታ ጠላ ያልተጠመቀበት በዓል፣ ጠላ ያልቀረበበት ማኅበር የለም፤ ይህም ነውር አይደለም። የሚጠጣው ሁሉም አይጠመድም። የተጠመደውን ግን «ጨምርለት» እያለ አብሮት ሲያጠጣ የኖረ ጎረቤት «በገዛ እጅህ» ሲለው ትንሽ ማፈር ነበረበት።

«ለባለሙያ ይተው» የሚለው የተሻለ ክርክር ነው፤ ስለዚህም የተሻለ መልስ ይገባዋል። የትኛው ባለሙያ? ኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለዐሥርት ዓመታት መላው አገር ዓይኑን የጣለው አዲስ አበባ ባለው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ቢሻሻልም ለላስታ ቤተሰብ ስፔሻሊስት ማለት መንገድ ማለት ነው። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና በድልብ አድርጎ ወልድያ፣ ሲብስም ደሴ። መንገዱ ሲከፈት ነው ይህ ሁሉ። ባለሙያው ተገኘ እንበል፤ ታማሚው ታየ፣ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰላሳ ቀናት የማን ናቸው? ባለሙያው ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው፤ ሕመሙ ግን ያለው ቤት ውስጥ ነው። መድኃኒት ለምን ይቋረጣል ተብሎ በገጠር ሲጠየቅ ከሚመጡት መልሶች አንዱ እጅግ ተራና እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። ሰውየው ከአቅሙ በላይ ምግብ ላለመፈለግ ሲል ኪኒኑን ይተወዋል። ይህን ነገር ለነጭ ጋዋን ለባሽ በአምስት ደቂቃ ምርመራ ውስጥ የሚናገር ማን ነው? ራሱ በዚያው ረሃብ ላለፈ ሰው ግን ይነገረዋል፤ እንዲያውም መናገር አያስፈልግም፣ እሱ ራሱ ይጠይቃል።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ስለ ስኪዞፍሬንያ በገጠር ከተደረጉ ረጅም ጥናቶች አንዱ የተደረገው እዚሁ አገራችን ቡታጅራ ነው። እዚያ ሲጀመር ከዐሥር ታማሚ ከስምንት የሚበልጡት ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር፤ በዓመታት ክትትልም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታየ። ሠላሳ ዓመት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ በሶዶ አካባቢ 166 ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። የሕክምና ዲግሪ የሌላቸው፣ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ለዓመት ደገፏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ሲወጣ፣ መደበኛ ክትትሉን ብቻ ካገኙት ይልቅ የተደገፉት በዕለት ኑሯቸው የተሻለ መንቀሳቀስ ችለው ነበር። እነዚያ ደጋፊዎች ራሳቸው በሕመሙ ያለፉ ስላልነበሩ ጥናቱ ስለ አቻ ለአቻ ድጋፍ ሙሉ ምስክር ነው አልልም። ሥራው ዲግሪ የግድ እንደማይል ግን መስክሯል። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም የሐራሬን አያቶች ከጤና ጣቢያ ደጅ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያሠሩት ሥራ 573 ሰዎችን ባካተተ ሙከራ ተፈትኗል። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት አሁንም የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን ግማሽ ያህሉ ነበሩ።

በሕመሙ ያለፉትን በቀጥታ የሚመለከት ማስረጃስ? አለ፤ ሳላጋንን ላስቀምጠው። በእንግሊዝ 441 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ከአእምሮ ሕመም ቀውስ ሲወጡ አቻ ደጋፊ የተመደበላቸው ሰዎች በዓመት ውስጥ ወደ ድንገተኛ ሕክምና የተመለሱት 29 በመቶ ሲሆኑ ያልተመደበላቸው 38 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. የ2013 የኮክሬን ግምገማ 11 ሙከራዎችን መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ በሕመሙ ያለፉ ሰዎች በተመሳሳይ ቦታ ሲሠሩ ውጤታቸው ከባለሙያዎቹ የተሻለም የባሰም አልነበረም። ተቃዋሚዎች ይህን እንደ ሽንፈት ያነቡታል። ባለሙያ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር እውነትም የሚያስደንቅ ውጤት አይደለም። ባለሙያው ድልብን ተሻግሮ በሚገኝበት አገር ግን «ከባለሙያው አልባሰም» ማለት ትልቅ ዜና ነው። ስለ መጠጥ ደግሞ የ2020ው የኮክሬን ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 27 ጥናቶችን አይቶ፣ ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ የጠጪዎች ራስ አገዝ ማኅበር መንገድ ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። አሜሪካ ውስጥ የጆርጂያ ግዛት ለድሆች በተዘረጋው ሜዲኬይድ ለአቻ ደጋፊ መክፈል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ2007 ለሁሉም ግዛቶች መንገዱን በደብዳቤ አሳውቋል። አዲስ ነገር አልተጠየቀም።

ለነገሩ የዲግሪው ክርክር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆችን ለአንድ ዓመት አሠልጥነን በየቀበሌው እናሰማራ ሲባል «እነዚህ ምን ያውቃሉ?» ያለው ብዙ ነበር። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከጤና ሥርዓቱ አውጥቶ የሚያስብ የለም፤ ደመወዟም ከመንግሥት ነው።

ወደ ቅሬው እንምጣ፤ ዋናው ክርክር እዚህ ነውና። «እኛ ደጋፊ አናጣም» የሚለውን ንግግር ስሰማ የሚናገረው ሰው ስለ ለቅሶ እንጂ ስለ ሕመም እያሰበ እንዳልሆነ ይገባኛል። ወሎ ውስጥ ቅሬ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለስድስት ዓመት ቤት ውስጥ ለተቀመጠ፣ ሌሊት ለሚጮህ፣ አንዳንዴም ለሚታሰር ልጅ ጥሩምባ የሚነፋው ማን ነው? ቅሬ ቀን አለው፤ የአእምሮ ሕመም ቀን የለውም። ሞት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ የጎረቤትም ትዕግሥት ለአንድ ጊዜ በቂ ነው፤ ሕመሙ ግን ሳያልቅ ትዕግሥቱ ያልቃል። የቅሬው አባል የሚሆነውም አባወራው ወይም እማወራዋ እንጂ ታማሚው ልጅ አይደለም። ከአባልነት ውጭ ያለ፣ ስብሰባ ላይ የማይጠራ፣ በሠርግ የማይታይ ሰው «ማኅበረሰቡ አለው» ሲባል እናቱ ብቻ አለችው ማለት ነው። በነጻ ይሠራል የምንለው ሥራ በነጻ የሚሠራ አይደለም፤ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ገበያ የማትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም እንኳ በር ቆልፋ የምትሄድ እናት የምትከፍለው መዋጮ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም።

ጸበሉስ? ጸበልን የሚንቅ ሰው ላስታን አያውቃትም። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ውስጥ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በጥንታዊ የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል፤ ሰውም ለዘመናት ፈውስ ሲፈልግ ኖሯል። ደግሞም ልብ ያለው ሰው በየጸበሉ ቦታ የሚያየው ነገር ለእኔ ክርክር እንጂ ለተቃዋሚዎቼ አይረዳም። ቀድሞ የመጣውና የተሻለው አዲስ የመጣውን ይይዛል፣ ውሃ ይቀዳለታል፣ ሌሊት አብሮት ይነቃል፣ «እኔም እንዲህ ነበርሁ» ይለዋል። ይህ አቻ ለአቻ ድጋፍ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ችግሩ ታማሚው ሱባኤውን ጨርሶ መንደሩ ሲመለስ ያ ሰው አብሮት አለመመለሱ ነው። ሁለተኛም፣ ኪኒን የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎደለ፣ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውን ናቀ የሚለው ጠብ ብዙ ሰው ጨርሷል። በኤች አይ ቪ ጉዳይ ይህን ጠብ ለማብረድ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ መናገር ነበረባቸው። በአእምሮ ሕመም ግን እስከ መንደር ድረስ ወርዶ ይህን የሚናገር ማን አለን? ነርሷ ብትናገር ሙያዋ ያስናገራት ይመስላል። ሁለቱንም የወሰደ፣ ሁለቱም ያልተጣሉበት፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ እርፍ ጨብጦ የሚያርስ ሰው ሲናገር ግን ይደመጣል።

«ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል» ይላሉ። በብዙ ቦታ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ይከፈለዋል፤ ባይከፈለው እንኳ መዋጮ ይማርለታል። በዚህ ምክንያት ለቅሶው ተበላሽቶ ያውቃል? ከዚህ የሚበልጥ ምስክርም አለን። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ መቅድምና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራት፣ ሰው ፊቱን በሚሸፍንበት ዘመን፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ሲቋቋሙ ክፍያ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ግን የጤና ሥርዓቱ መድኃኒት የሚያቋርጡትን ፈልጎ ማምጣት ሲያቅተው እነዚሁ ሰዎች በኬዝ ማናጀርነትና በአድሄረንስ ሰፖርተርነት ጤና ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፣ ተከፈላቸውም። ድጋፉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ታማሚ ተገኘ። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ የለጋሽ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ስለዚህ ጥያቄው ይከፈል ወይስ አይከፈል አይደለም፤ እስኪያቆም ድረስ ሌላ ሰው ይክፈል ወይስ እኛ እንክፈል ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች የተጀመረው፣ በእኛ ክልል ደቡብ አቸፈርን፣ ፎገራንና ጎረቤታችንን ተሁለደሬን በሙከራ ይዞ የተነሣው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተፈጠረው ለዚህ አይደለም እንዴ?

የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎች የምሰጠው እውነት አለ። ላስታ የተጎዳ አገር ነው። በኮሮና ጎብኚው ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የጎብኚ ጫማ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ሁሉ በአንድ ገበያ ላይ የቆመ ነበር፤ ገበያው ተነሣ። በእንዲህ ያለ ወረዳ መዋጮ መሰብሰብም፣ መድኃኒት ማድረስም አልተቻለም የሚለውን አልክድም። ክሎርፕሮማዚን የሌለበት ጤና ጣቢያ ላይ አቻ ደጋፊ ይመደብና መድኃኒቱ ይቅር ያለ የለም። መድኃኒቱ ይቅደም። ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ «ስለዚህ ደጋፊው ይቆይ» ማለት ከየትኛው ሒሳብ የመጣ ነው? በስንት መከራ የገባው መድኃኒት በየቤቱ ግድግዳ ላይ በፌስታል ተንጠልጥሎ ሲቀር ማን ነው የከሰረው? ታማሚው ሲያገረሽበት ለአስታማሚው የመኪና፣ ለአልጋው፣ እንደገና ለመድኃኒቱ የሚወጣው ገንዘብ ቤተሰቡንም መድኑንም ያራቁታል። ያራቁታል ከተባለ ደግሞ የደሃው ፈንድ ነው ማገርሸትን አብዝቶ መፍራት ያለበት። የሀብታም አገር መድን ሰው ደጋግሞ ቢያስተኛ ይችላል፤ የላስታ አይችልም። ጦርነት አይቶ እንቅልፍ ላጣና እንቅልፉን በአረቄ ለሚፈልግ ትውልድ ደግሞ በየቀበሌው የአእምሮ ሐኪም እስኪመደብ እንጠብቅ ማለት፣ አንጠብቀውም ብሎ በግልጽ ከመናገር የሚለየው በትሕትናው ብቻ ነው።

እንዴት ይከፈል ለሚለው መልሱ ከባድ አይደለም። አሁን መድኑ ለጤና ተቋማት የሚከፍለው በአብዛኛው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ሒሳብ ሲቀርብለት ነው። ይህ መንገድ ለደጋፊ አይሆንም፤ በእግሩ ዳገት ወጥቶ ታማሚ ቤት የገባ ሰው ምን ደረሰኝ ያመጣል? ደረሰኝ ከተጠየቀም ሐሰተኛ ደረሰኝ ይመጣል። ስለዚህ በተመዘገቡት ታማሚዎች ቁጥር ታስቦ በወር ቁርጥ ያለ ክፍያ ለጤና ጣቢያው ይግባ፤ ጤና ጣቢያው ቢያንስ ዓመት ያህል ጸንተው የቆዩትን መርጦ ያሠልጥን፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያላት ነርስ ትምራቸው፤ ማን መድኃኒቱን ቀጠለ፣ ማን ጠፋ የሚለው በመዝገቡ ይታይ። ደጋፊው ራሱ ቢያገረሽበትስ? ይታከማል፣ ይተካል፣ ሲሻለው ይመለሳል። የስኳር በሽታ ያለባት ነርስ ስኳሯ ከፍ ሲል ከሥራ ትባረራለች?

የመድኑ የክፍያ ጥያቄ ቅጽ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለአልጋ ቦታ አለው። ለሰው ቦታ የለውም። አንድ መስመር ይጨመርበት ነው ጥያቄው፤ መስመሩም ልመና ሳይሆን ገበሬው በየዓመቱ በከፈለው ገንዘብ የገዛው መብት ነው። ከወልድያ የተመለሰ ወጣት የአንድ ወር ኪኒን በፌስታል ይዞ ጋሸና ላይ ከመኪና ይወርዳል፤ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሌላ መኪና ይጠብቃል። በመድኑ መዝገብ ላይ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ሒሳቡም ተወራርዷል። የሱ ሕክምና ግን የሚጀምረው ከዚያ መኪና ሲወርድ ነው፤ ክፍያውም ከዚያው ይጀምር።